የአማቴ ሳሙና

አማቴን ያሸነፍሁበትን ቀን ልንገራችሁ። ከፈረስ ቤት ከተማ ፍኖተ ሰላም ወዳለው ቤታችን ሲመጡ የመጀመሪያቸው ነበር። ድሮ «ልጄን ለውሃ ሞተር ጠባቂ አልሰጥም» ብለውኝ ስለነበር አዲሱን ሻወር በኩራት አሳየኋቸው። ገብተው ፀጉራቸውን ሳሙና እንደተቀቡ ከጉድጓድ ውሃ የሚስበው ዲናሞ ድምፁ ተለወጠ፤ ውሃው አንዴ አየር ይተፋል፣ አንዴ ይንጠባጠባል።

«ኧረ ዓይኔን! ያ ሁሉ ወሬ ለዚህ ነው?» አሉ ከውስጥ።

ባለቤቴ በባልዲ ውሃ ይዛ ስትሮጥ መጣች። «ባልዲውን እዚህ አስቀምጭና ሳሙናውን ተቀብለሽ አምጭልኝ» አልኋት።

«ጭራሽ ሳሙናየን ሊነጥቀኝ?» ብለው አማቴ ጮኹ።

ወጣትነቴን የጨረስሁት ላህ ወንዝ ዳር የሰው ሽንኩርት በሞተር ሳጠጣ ነው። ውሃ በተቋረጠ ቁጥር የምሰደበው እኔ ስለነበርሁ አየር በየት እንደሚገባ በግዴ ተምሬአለሁ። ከጉድጓዱ ወደ ዲናሞው በሚመጣው ቧንቧ መጋጠሚያዎች ላይ የሳሙና አረፋ ቀባሁ። አንዱ ላይ አረፋው ወደ ውስጥ ተሳበ፤ አየሩ የሚገባው በዚያ ነበር። ዲናሞውን አጥፍቼ መጋጠሚያውን ፈታሁና የቧንቧ ማሸጊያ ቴፍሎን ጠምጥሜ አጠበቅሁት። ከዚያ ቧንቧውን በባልዲው ውሃ እስከ አፉ ሞልቼ አየሩን አስወጣሁና አስነሳሁት።

ውሃው እንደ ሐምሌ ዝናብ ወረደ። ከውስጥ እልልታ ተሰማ።

አማቴ ነጠላቸውን ተከናንበው ሲወጡ፣ እኔ እንድሰማ ጮክ ብለው፣ ልጃቸውን «እኔ እኮ ድሮም ለማን እንደምሰጥሽ አውቅ ነበር!» አሏት።

ባለቤቴ ሳቋን ዋጥ አድርጋ አየችኝ። እኔ ሳሙናቸውን መለስሁላቸው።