በሰማያዊዋ መኪና የሞተር ኮምፒውተር ላይ አራት ጊዜ ስለ ተጻፈውና አምስተኛ ጊዜ ስለ ተደበቀው ፋይል

የምስክር ቃል መቀበያ

የጉዳዩ ዓይነት፦ የትራፊክ አደጋ፣ የአካል ጉዳት
ቃሉን የሰጠው፦ በሠፈሩም በጣቢያውም «ፊውዝ» በሚል መጠሪያ የሚታወቅ
ዕድሜ፦ 46
ሥራ፦ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ የጋራዥ ባለቤት
አድራሻ፦ ከነዳጅ ማደያው ጀርባ፣ ከጋራዡ በላይ ያለው ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ፣ አደጋው በደረሰ በ13ኛው ቀን፣ ከጠዋቱ 3፡20

እኔ ከላይ የተገለጽኩት ወደ ፖሊስ ጣቢያው የመጣሁት ሳልጠራ ነው። የመጣሁት በዚሁ መዝገብ ላይ ከስምንት ቀን በፊት በጽሑፍ የሰጠሁትን የሙያ አስተያየት ለመሻርና እውነቱን ለማስመዝገብ ነው። ጣቢያው የተበላሹ መኪኖችን በእኔ ሲያስመረምር ስድስት ዓመቱ ነው። በዚያ አስተያየቴ የመኪናዋ ሞተር የተሰበረው በእርጅናና በአያያዝ ጉድለት ነው ብዬ ጽፌአለሁ። ይህ ሐሰት ነው። በማግስቱ የእህቴ ባል በቸልተኝነት ተጠርጥሮ የታሰረው በእኔ ወረቀት ምክንያት ነው።

መኪናዋ የእርሱ ናት። ሰማያዊ፣ ባለ አራት በር፣ ቱርቦ ያላት፣ አሥራ አንድ ዓመት ያገለገለች ናት። እርሱ ዕድሜው 33 ሲሆን የሂሳብ መምህር ነው፤ በዕድሜ ስለምበልጠው ጋሼ ይለኛል። መኪናዋን በገዛ በሁለተኛው ወር ጋራዤ አምጥቶ ዳገት እንደማትወጣለት ነገረኝ። «ጋሼ፣ ቱርቦ ብለው ሸጡልኝ፤ የሰጡኝ ግን ፉጨቱን ብቻ ነው። ትናንት ብስክሌት የሚነዳ ሰው ቀድሞኝ ዞር ብሎ አየኝ» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን።

በዚያን ጊዜ የሞተር ኮምፒውተር ማስተካከል መማር ከጀመርኩ አምስት ወር ሆኖኝ ነበር። የምማረው በላፕቶፕ ከኢንተርኔት ነው። ለመርማሪው እንዳስረዳሁት፣ ይህ ኮምፒውተር መጽሐፍ የምታህል ሣጥን ሆኖ ለሞተሩ ስንት ነዳጅ እንደሚገባ፣ ካንዴላው መቼ እሳት እንደሚሰጥና ቱርቦው ምን ያህል አየር አጭቆ እንደሚያስገባ ይወስናል። ውሳኔው የተጻፈበትን ፋይል በኬብል አውጥቶ ቁጥሮቹን ቀይሮ መመለስ ይቻላል። ከዚያ በፊት በሰው መኪና ላይ ሠርቼ አላውቅም። የመጀመሪያውን በዘመድ ልጀምር ብዬ አሰብኩ፤ ዘመድ ቢበላሽበትም ክስ አይመሠርትም በሚል ሒሳብ ነው።

ሥራውን የጀመርነው ከአደጋው አሥራ ዘጠኝ ቀን በፊት፣ እሑድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። እንደተማርኩት ካንዴላዎቹን ቀየርኩ፤ የአየር ቱቦዎቹ የሚያፈስ እንደሌለባቸው አረጋገጥኩ፤ የፋብሪካውን ፋይል አውጥቼ በሁለት ቦታ አስቀመጥኩ። ከዚያ ከሲሚንቶ መጋዘኑ ጀርባ ባለው ቀጥ ያለ መንገድ እርሱ እየነዳ፣ እኔ አጠገቡ ላፕቶፑን ታቅፌ፣ በሦስተኛ ማርሽ እስከ መጨረሻው እንዲረግጥ እያደረግኩ ሞተሩ የሚለውን መዘገብኩ። በሦስት እሑዶች ውስጥ አራት ጊዜ ፋይል ቀይሬ ጻፍኩ። በየጊዜው የቱርቦውን ግፊት በጥቂቱ ከፍ አደረግኩ። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ሞተሩን የሚያፍን ገደብ ፋይሉ ውስጥ አለ፤ እርሱ እንቅፋት እንዳይሆንብኝ ከፍ አድርጌ አስቀመጥኩት። የነዳጅና የአየሩን ምጣኔ ከጭስ ማውጫው የሚለካ መሣሪያ መግዛት እንዳለብኝ ተምሬአለሁ፤ አልገዛሁም።

አራተኛውን ፋይል የጻፍኩት ከአደጋው አምስት ቀን በፊት ነው። መኪናዋ በጣም ተለወጠች። እርሱ መንገዱ ዳር አቁሞ ላፕቶፑ ላይ የግፊቱን ግራፍ አየ። መስመሩ ሽቅብ ወጥቶ 2.5 ባር ላይ ሲደርስ እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ቀረ። ንግግራችንን አስታውሳለሁ። «ጋሼ፣ ይሄ መስመር ለምን ተኛ?» አለኝ። የተኛ መስመር ጥሩ መስመር ነው፣ የሚወራጨውን ፍራ አልኩት። «እኔ ተማሪ እንዲህ ያለ ግራፍ ሲያመጣልኝ ኮርጀሃል ነው የምለው» አለ። የአንተ ተማሪዎች ቱርቦ የላቸውም ብዬ መለስኩለት። ከዚያ በኋላ አልጠየቀኝም።

አደጋው የደረሰው ዓርብ ከቀኑ 11፡40 ላይ፣ ከውኃ ማጠራቀሚያው ወደ ላይ በሚወጣው ዳገት ነው። እኔ ቦታው አልነበርኩም። የሰማሁት፣ የእህቴ ባል ጭነት መኪና ሲቀድም ሞተሩ እንደተሰበረ፣ ዘይቱ አስፋልቱ ላይ እንደፈሰሰና ከኋላው በሞተር ሳይክል ትመጣ የነበረች የፋርማሲ መድኃኒት አመላላሽ ተንሸራታ ጭኗ እንደተሰበረ ነው። ሆስፒታል ሄጄ አላየኋትም።

ማክሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ጣቢያው ሞተሩን ከፍቼ ምክንያቱን እንድገልጽ ጠራኝ። የመኪናዋ ባለቤት የእህቴ ባል እንደሆነ አልተናገርኩም፤ የጠየቀኝም አልነበረም። በግቢው ውስጥ ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን የላይ ክዳን ስከፍት የሦስተኛው ፒስተን ጠርዝ እንደ ሻማ ቀልጦ፣ ፒስተኑን የሚይዘው ክንድም ለሁለት ተሰብሮ አገኘሁ። እርጅና ፒስተን አያቀልጥም። የሚያቀልጠው አየር በዝቶ ነዳጅ ሲያንስ የሚፈጠር ሙቀት ነው። ምክንያቱን እዚያው አውቄዋለሁ። ግፊቱን ለኮምፒውተሩ የሚለካለትን ሴንሰር ነቅዬ ከጀርባው የተጻፈውን አነበብኩ። ማየት የሚችለው እስከ 2.5 ድረስ ብቻ ነው። እስከ መቶ ኪሎ ብቻ የምትመዝን ሚዛን ላይ መቶ ሠላሳ ኪሎ ጆንያ ቢቀመጥ መቶ ብላ እንደምትቆም ማለት ነው። ግፊቱ ግን ከዚያ አልፎ ሄዷል። ኮምፒውተሩ አላየውምና ነዳጁን የሰጠው ለ2.5 ብቻ ነው። የማፈኛውን ገደብም ሴንሰሩ ከሚያየው በላይ ስላስቀመጥኩት ሊሠራ አይችልም ነበር። ትክክለኛው ግፊት ስንት እንደደረሰ መርማሪው ጠይቀውኛል። አላውቅም፤ ሊያውቅ የሚችልም የለም።

ከዚያ ቀጥሎ ያደረግኩት የሚከተለው ነው። ኬብሉን ከመኪናዋ አገናኝቼ ኮምፒውተሩ የያዘውን የብልሽት ማስታወሻ አወጣሁ። ሞተሩ በተሰበረበት ቅጽበት ፍጥነቷ በሰዓት 58 ኪሎ ሜትር እንደነበር ይላል፤ የመንገዱ ልክ 60 ነው። ይህን ለጣቢያው አልገለጽኩም። ቀጥሎ የፋብሪካውን ፋይል መልሼ ጻፍኩበት። ሰባት ደቂቃ ፈጀ። የግቢው ጥበቃ አጠገቤ ቆሞ ስለ ልጁ ጥርስ ያወራኝ ነበር፤ ምን እንደምሠራ አልጠየቀኝም። በዚህ ድርጊቴ ማስታወሻው ከመኪናዋ ጠፍቷል፤ ግልባጩ ላፕቶፔ ውስጥ አለ። ኮምፒውተሩ ስንት ጊዜ እንደተጻፈበት ይቆጥራል። ቢታይ አምስት ይላል፤ አራቱ የተጻፉት ከአደጋው በፊት ሲሆን አምስተኛው በዚህ ጣቢያ ግቢ ውስጥ ነው። በማግስቱ ረቡዕ የተባለውን አስተያየት ጽፌ ፈረምኩ። ይህን ያደረግኩት የጣቢያውን ሥራና የጋራዥ ፈቃዴን እንዳላጣ ብዬ ነው።

ዘመድ አግባብቶህ ነው ወይ ተብዬ ተጠይቄአለሁ። አይደለም። እህቴ ስለ ጉዳዩ አንድም ቃል አልተናገረችኝም፤ የምትጠይቀኝ ጠበቃ አውቅ እንደሆነ ብቻ ነው። ትናንት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ለባሏ ልብስ እንዳደርስላት ላከችኝ። በማረፊያ ቤቱ መስኮት በኩል አነጋገርኩት። መኪናዋን ከገዛሁ ጀምሮ ዘይት ሳልቀይር ነድቻለሁ ብሎ ቃል እንደሰጠና እንደፈረመ ነገረኝ። ማን እንዲህ በል አለህ አልኩት። «ማንም። ጋሼ፣ አንተ አያያዝ ነው ካልክ ሌላ ምን ይሆናል? እኔ ዘይት የሚቀየር መሆኑንም የማስታውሰው ሰው ሲነግረኝ ነው። የዚያች ልጅ እግር በእኔ ስንፍና ነው የተሰበረው» አለኝ። እኔን ሊያድን ብሎ የተናገረው መስሎኝ ነበር። አልነበረም፤ አምኖበት ነው። ልብሱን ሰጥቼው ወጣሁ።

የመኪናዋን ዘይት እኔ ቀይሬዋለሁ። የቀየርኩት ሥራ በጀመርንበት እሑድ፣ እርሱ ከመምጣቱ በፊት ነው። መኪናዋ ከዋዜማው ጀምሮ ጋራዤ አድራ ነበር። አልነገርኩትም፤ በቤተሰብ መካከል ይህን ያህል ነገር ተደረገልህ ተብሎ አይነገርም።

ላፕቶፑን፣ ኬብሉንና ከመኪናዋ የነቀልኩትን ሴንሰር ከዚህ ቃል ጋር አስረክቤአለሁ። የሰጠሁት ቃል በራሴ ላይ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል መርማሪው ነግረውኝ ተረድቻለሁ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የመፈታቱ ጉዳይ በሕጉ መሠረት ጊዜ ቢወስድም፣ የዘይቱን ነገር ግን ዛሬውኑ ለእህቴ ባል እንዲነግሩልኝ ነው።

ይህ ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነብቦልኛል። የራሴ ቃል ነው፤ አስገድዶ ያናገረኝ የለም። የቀድሞው ወረቀቴ ከዚህ ጋር በሚጋጭበት ሁሉ እውነቱ ይህ መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________
ሲነበብ የነበረ ታዛቢ ፊርማ ____________
የተጠናቀቀበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 5፡05