በሣጥኑ ውስጥ ያረጀው ሬዲዮ

ወረታ ፖሊስ ጣቢያ፣ ነሐሴ 14 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት
የምስክሩ ስም፦ ደረሰ ገብረ ሐና
ዕድሜ፦ 51
አድራሻ፦ ወረታ ከተማ
ሥራ፦ የመንግሥት ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ
ቃሉን የተቀበለው፦ አምሳ አለቃ ቢሻው ማረው

ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ መጥቼ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። የግምጃ ቤቱ ዘበኛ አንለይ በላቸው የሬዲዮ መገናኛውን ሽቦ ቆርጦ አበላሽቷል ተብሎ ታስሯል። አንለይ አልቆረጠም።

መሣሪያው በ1950 ዓ.ም. በግንቦት ወር በጭነት መኪና መጣ። የርብ ወንዝ ሞልቶ ፎገራን ሲያጥለቀልቅ ከባሕር ዳር የሞተር ጀልባ እንድንጠራበት ነበር። ያመጣው ሰው ሣጥኑን በማኅተም አሽጎ፣ ክፉ ቀን ካልመጣ እንዳይከፈት አዞ ሄደ። ሰባት ዓመት አንድም ቀን ሳይሠራ ተቀመጠ። እኛም ያልተነካ ዕቃ አያረጅም ብለን አመንን። እንግዳ በመጣ ቁጥር ማኅተሙን እያሳየሁ እኮራ ነበር፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ነሐሴ 9 ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት የቁሐር ሚካኤል መንደር በውሃ መከበቡ ተሰማ። ታንኳ ጎርፉን አልቻለም። የግምጃ ቤቱ ጸሐፊ አቶ አያልነህ ማኅተሙን ሰብሮ መሣሪያውን አወጣ። ባትሪዎቹ ፈንድተው አረንጓዴ ነገር ተፍተዋል፣ ብረቱ ዝጓል፣ ሽቦዎቹ በየቦታው ተበጥሰዋል። አያልነህ ደጋግሞ ቢነካካውም ድምፅ አላወጣም። በፈረስ መልክተኛ ተልኮ ጀልባ የደረሰው በማግስቱ ነው። በዚያ መካከል እዚያው መንደር የሚኖሩትን የአንለይን እናት ወይዘሮ ይርገዱን ውሃው ከቤታቸው ጣራ ላይ ወሰዳቸው።

የሣጥኑ ማኅተም አያልነህ እስኪሰብረው ደህና ስለ ነበረና የኋላው ሳንቃ ላልቶ ስለ ተገኘ፣ ግምጃ ቤቱ ውስጥ የሚያድረው አንለይ ብቻ ነው ተብሎ ነሐሴ 10 ቀን ተያዘ። በ11 የወይዘሮ ይርገዱ ሬሳ ተገኝቶ ተቀበሩ። ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ። ልጃቸው ግን እዚህ ጣቢያ ነበር።

ሳንቃውን የምፈታው እኔ ነኝ። በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ከኋላ ሦስት ምስማር እየነቀልሁ የሽቦዎቹን የላስቲክ ልባስ ቅቤ እቀባ ነበር። የገበሬ ልጅ ነኝ፤ የቀንበር ጠፍር ካልተቀባ ደርቆ ይሰነጠቃል። ላስቲኩም እንደዚያው መሰለኝ። እሱ ግን በቅቤው ላልቶ ሊጥ ሆነ፤ የቀረውን በቅቤው ሽታ የመጣ አይጥ በላው። አምሳ አለቃው ሽቦውን ፊቴ አስቀምጠዋል፤ በቢላ የተቆረጠ አይደለም፣ የጥርስ ምልክት ይታይበታል። ያሽትቱት ብያቸው አሽትተውታል።

ይህን መቼ እንዳወቅሁ ተጠየቅሁ። ሣጥኑ እንደ ተከፈተ የቅቤው ክርፋት አፍንጫዬን ሲመታኝ አውቄአለሁ። አያልነህ «ምንድን ነው የሚሸተው?» ሲል፣ «እርጥበት ነው» አልሁ። አንለይን ሲወስዱት «አያ ደረሰ፣ እርስዎ ያውቁኝ የለም ወይ? ይንገሩልኝ እንጂ!» አለኝ። «እግዜር ያውቃል» ብዬ ፊቴን አዞርሁ። እንጀራዬን እንዳላጣ ፈርቼ አምስት ቀን ዝም አልሁ።

ባልቀባውስ ይሠራ ነበር ወይ ተብዬም ተጠየቅሁ። ባትሪዎቹን ነክቻቸው አላውቅም፤ በተቀመጡበት ነው የፈነዱት። ምናልባት ያለ ቅቤውም አይናገርም ነበር። እኔ ግን ይህን መጠጊያ ላደርገው አልመጣሁም።

አንለይ እናቱን አልቀበረም። አርባቸው መስከረም 13 ነው፤ ለዚያ እንኳ ይድረስ። እኔ እዚሁ የማድር ስለ መሰለኝ ጋቢዬን ይዤ መጥቻለሁ።

ከላይ የተጻፈው ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ፤ የጨመርሁትም የደበቅሁትም የለም፣ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ደረሰ ገብረ ሐና
የተቀባዩ ፊርማ፦ አምሳ አለቃ ቢሻው ማረው