የሐሙስ ጨዋታ

ሮም ውስጥ፣ ወደ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ በሚሄደው አውቶቡስ ላይ፣ ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ ቄስና አንድ ወጣት የክህነት ተማሪ ስለ ኮሌጃቸው የእግር ኳስ ቡድን ያወራሉ።

«አባ፣ ዛሬም ተሸነፍን። እኔ ከቡድኑ ልወጣ ነው።»

«በእኛ ጊዜ ዓመቱን ሙሉ አንድም ጨዋታ አላሸነፍንም።»

«አንድም?»

«አንድም። በረኛው እኔ ነበርኩ።»

«ታዲያ ለምን አልተዋችሁትም?»

«ልንተው ነበር፤ ሴቶቹ ከለከሉን።»

«የትኞቹ ሴቶች?»

«በጣሊያኖች ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ የአገራችን ልጆች ነበሩ። እረፍታቸው ሐሙስ ከሰዓት ነው፤ እኛም የምንጫወተው ሐሙስ ነበር። ከየሰፈሩ መጥተው ሜዳው ዳር ይቀመጣሉ።»

«ሊደግፏችሁ?»

«የለም፤ ኳሱን ዞር ብላ የምታይ እንኳ አልነበረችም። ወሬያቸውን ነው የሚያወሩት። ሳምንቱን ሙሉ በአማርኛ የሚያናግራቸው ሰው የለማ። ልናቆም ነው ስንላቸው አንዷ፣ ‹ብትሸነፉስ ምን አለበት? እኛ የት እንገናኝ?› አለችን።»

«አሎራ፣ ታዲያ ምን አላችኋት?»

«በሚቀጥለው ሐሙስም ወጥተን ተሸነፍን።»

ያን ዕለትም ሐሙስ ነበር፤ እኔም ከምሠራበት ቤት ለግማሽ ቀን ወጥቼ፣ የት እንደምሄድ ገና አልወሰንኩም ነበር።