ያለ ድግስ የተጀመረው የእድር መዝገብ

መገናኛ፣ የሰሚት ታክሲ ተራ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሰልፉ ተጥመልምሎ አቶ ወልደጻድቅ መሐሉ ላይ ቆመዋል። ከፊታቸው ያለችው ወጣት ዞር ብላ «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?» አለቻቸው። የጎረቤታቸው ልጅ ሣባ ናት። ባያገኟት ደስ ባላቸው። ስለ እድሩ መዝገብ ላነጋግርዎ እያለች ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትፈልጋቸው፣ እሳቸውም ሁለት ሳምንት ሙሉ በጓሮ በር ሲወጡ ሲገቡ ከርመዋል። ከታክሲ ሰልፍ ግን ወዴት ይሸሻል?

አቶ ወልደጻድቅ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ሠላሳ ዓመት አገልግለው ጡረታ የወጡ፣ አሁን በሰሚት ኮንዶሚኒየም የእድራቸው ጸሐፊ ናቸው። ለቅሶ ሲኖር ድንኳኑ መሐል ቆመው ስም የሚጠሩ፣ የተገኘውንና የቀረውን የሚጽፉ እሳቸው ናቸው። የእጅ ጽሑፋቸው ያምራል፤ እንደሚያምርም ያውቃሉ። ሣባ ደግሞ የኮምፒውተር መሐንዲስ ናት። ከጓደኛዋ ከሉቃስ ጋር ቦሌ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ ብሎክቼይን በሚባለው ዘዴ የሚሠራ የእድር መዝገብ አዘጋጅተዋል። የመዝገቡ ግልባጭ በአባላቱ ሁሉ ስልክ ላይ ስለሚቀመጥ፣ አንዴ የተጻፈውን ማንም ብቻውን ሊፍቀው አይችልም።

ታክሲው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡና ሣባ ሐሳቧን ዘረዘረችላቸው። ሉቃስ ሃያ ሁለት ሰፈር የሆቴል አዳራሽ ተይዞ፣ ሦስት መቶው የእድር አባል ተጠርቶ፣ በመብራትና በሙዚቃ ይመረቅ ባይ ነበር። እሷ ግን እምቢ አለች። ያለ ማስታወቂያና ያለ ድግስ፣ በአንድ ብሎክ አሥራ ሁለት ቤት ብቻ፣ ሁለት ወር ይሞከር ብላ አሳመነችው። አስቀድሞ ግን እያንዳንዱ አባወራ የድሮ ገጹን ከአቶ ወልደጻድቅ መዝገብ አይቶ ልክ ነው ማለት አለበት።

ይህን የመጨረሻውን ሲሰሙ አቶ ወልደጻድቅ ክው አሉ።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በአቶ በዳሳ ለቅሶ፣ የእድርተኛዋን የማሚቱን ስም ሁለቴ ጠርተው መልስ ስላጡ ቀሪ ብለው ጻፉ። በወሩ ስብሰባ ስሟን ከቀሪዎች ጋር ሲያነቡ ማሚቱ ብድግ ብላ ነበርኩ አለች። እሳቸውም መነጽራቸውን አስተካክለው «የሚታመነው መዝገብ ነው» አሏትና ሰው ሁሉ ሳቀ። ማታውኑ የሟቹ ሚስት፣ ማሚቱ ከጠዋት ጀምራ ድንኳኑ ጀርባ ንፍሮ ስትቀቅል እንደዋለች ነገረቻቸው። አቶ ወልደጻድቅ ቤታቸው ገብተው ቃሉን በነጭ ቀለም አጠፉና በላዩ «ተገኝታለች» ብለው በዚያው ባማረ ጽሕፈታቸው ጻፉ። ለማንም አልተናገሩም። ማሚቱም ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ላይ ታይታ አታውቅም። ብዙዎቻችን እንዲህ ነን፤ በሰው ፊት ያዋረድነውን ሰው ብቻችንን ሆነን ነፃ እናወጣውና ኅሊናችን የጸዳ ይመስለናል። የማሚቱ ቤት ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ነው።

«ልጄ፣ እኔ የማልወደው ይህን መደባበቅ ነው» አሉ አቶ ወልደጻድቅ፤ ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ጆሯቸውን አቃጠለው። «ነገሩ ጥሩ ከሆነ ሰው ይጠራ፣ ይመረቅ። መጥፎ ከሆነ አሥራ ሁለቱንስ ቤት ምን አድርገውሽ ነው?»

«ጥሩ ይሁን መጥፎ ገና አላውቅማ፣ ጋሼ።»

«መሐንዲስ ሆነሽ?»

«ስልኩን አውቀዋለሁ። ለቅሶ ቤቱን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ቢሮ ውስጥ ስንሞክረው እንከን አልነበረውም። አባሉ ድንኳን ሲገባ ስልኩን ነክቶ ይመዘገባል ብዬ ለእናቴ ባሳያት ግን፣ ጓሮ እሳት ላይ ያሉት ሴቶችስ ሊጥ በያዘ እጃቸው ነው የሚነኩት አለችኝ። አዳራሹን ይዘን አስመርቀነው ቢሆን፣ ሲለፉ የሚውሉትን ሁሉ ቀሪ ብዬ እጽፍ ነበር። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።»

አፈርኩ ማለት እንዲህ ይቀላል እንዴ ብለው አቶ ወልደጻድቅ አዩዋት። እሳቸው ሦስት ዓመት ያቃታቸውን ይህች ልጅ በታክሲ ወንበር ላይ ተናገረችው።

«እሺ፣ የማይፋቅ መዝገብ ላይ የሰው ስም ያለ ጥፋቱ ቢጻፍስ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የእኔ እኮ ቢያንስ ይታረማል።»

«የእኛም ይታረማል። ስሕተቱ ባለበት ይቆይና ከሥሩ ማረሚያው ይጻፋል፤ ማን እንደተሳሳተ ጭምር። ያኔ የተበደለው ያየዋል፣ የሳቀበትም ያየዋል። ተፍቆ ከጠፋ ግን በደሉን ማን ያውቅለታል?»

ሣባ ምንም የምታውቀው ነገር አልነበረም። ታክሲው ጉርድ ሾላን አልፎ ሲኤምሲ ሲደርስ አቶ ወልደጻድቅ ወደ እሷ ዞሩ። ከዚያ ሁሉንም ነገሯት፤ ነጩን ቀለም ሳይቀር።

በማግስቱ የማሚቱን በር ራሳቸው አንኳኩና እሑድ እንድትመጣ ለመኗት። እሑድም አሥራ ሁለቱ ቤቶች በብሎኩ የጋራ ቤት ተሰበሰቡ። አቶ ወልደጻድቅ ገጹን ገልጠው ያደረጉትን ተናገሩ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። «ማሚቱ፣ በሰው ፊት ነው የበደልኩሽ፤ በሰው ፊት ይቅር በይኝ» አሏት።

ማሚቱ ገጹን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ነጩን ቀለም በጣቷ ዳሰሰች። «እኔ እኮ ራሴን መጠርጠር ጀምሬ ነበር» አለች። «ምናልባት ስሜ ሲጠራ ወጣ ብዬ ይሆናል እያልኩ፣ ሦስት ዓመት ያንን ቀን ስቆጥረው ኖርኩ።»

ሣባ ስልኩን ለአቶ ወልደጻድቅ ሰጠቻቸውና በአዲሱ መዝገብ የመጀመሪያውን ቃል ጻፉ፦ «ማሚቱ ተገኝታ ነበር። የተሳሳተው፣ የደበቀውም ጸሐፊው ወልደጻድቅ ነው።»

በሁለቱ ወር ውስጥ ሌሎች ሦስት ስሕተቶች ወጡ፤ ሁሉም በአሥራ ሁለቱ ቤቶች መካከል ስለሆነ ማንም ሳይዋረድ ታረሙ። ሦስት መቶው ቤት ሲገባበት ሥራው ተስተካክሎ ጠበቀው፣ አዳራሹም ሳያስፈልግ ቀረ። በትንሹ መጀመር ፍርሃት የሚመስለው ካለ፣ የስሕተቱ ዕዳ በስንት ሰው ስም ላይ እንደሚያርፍ አስቀድሞ ያስብ።

ዛሬ ለቅሶ ሲኖር አቶ ወልደጻድቅ ስም መጥራት የሚጀምሩት ድንኳኑ ጀርባ፣ እሳቱ ዘንድ ነው። ማሚቱም ስሟ ሲጠራ «አለሁ» ትላለች፤ እሳቸው ግን እስከ አሁን ቀና ብለው አያዩዋትም።