በር አጠገብ ያለችው ወንበር

ከሰበታ አዲስ አበባ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ፣ ነጋዴ የሚመስል ጎልማሳ በሩ አጠገብ የተቀመጡትን ሽማግሌ ሲያናግር ሰማሁ።

«ኦቦ፣ ወደ ውስጥ ጠጋ ይበሉልኝ።»

«ይቺን ወንበር አልለቅም። ሾፌሩም ያውቃል።»

«ገዝተዋታል እንዴ?»

«በአንጀቴ ገዝቻታለሁ። አንጀቴ ጫፍ ላይ፣ መቀመጫዬ ጋ፣ ነቀርሳ ወጥቶብኝ ልጄ ባሕር ማዶ ወስዶ በጨረር አሳከመኝ። ነቀርሳው ጠፋ፤ ጨረሩ ግን አንጀቴንም ለበለበው። አሁን ሆዴ ውጣ ካለኝ ቀጠሮ አይሰጥም። እስከ ከተማ ሁለቴ ሜዳ እወርዳለሁ፣ አውቶቡሱ ይጠብቀኛል።»

«ሰው ፊት አያፍሩም?»

«አፍሬ ቤት ስቀመጥ የወንድሜ ቀብር አመለጠኝ። ከዚያ ወዲያ ማፈሩን ተውኩት።»

ነጋዴው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሲጀምርዎት ደም ነበረው?»

«ነበረው። ኪንታሮት ነው ብዬ ዓመት ሙሉ ደበቅሁት።»

«እኔም ኪንታሮት ነው እያልኩ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመስቀል ወዲህ።»

«እንግዲያው ዛሬ ሱቅህ ተዘግቶ ይዋል። ሐኪም ቤቱን እኔ አሳይሃለሁ።»

«ጨረሩ እንዲህ ካደረገዎት...»

«ምን አደረገኝ? ይኸው ካንተ ጋር አወራለሁ።»

ዓለም ገና ከተማ ሳንደርስ አውቶቡሱ ባሕር ዛፍ ጥግ ሲቆም፣ ሽማግሌው ወርደው እስኪመለሱ ፊቴን ወደ ማዶው መስኮት አዙሬ ቆየሁ።