ሁለት ባትሪና አንድ ኩርኩም

በእኛ ጊዜ፣ ስሚኝ ልጄ፣ በእኛ ጊዜ ባትሪ የሚሠራው በጠመኔ ነበር። አትሳቂ! ጊንጪ ስድስተኛ ክፍል ሳይንስ ሳስተምር ትምህርት ቤቱ አንድ ባትሪ አልነበረውም፣ እና ሰሌዳው ላይ አንድ አጭር አንድ ረጅም መስመር አሰምርና «ባትሪ ነው በሉ» እላለሁ፣ እነሱም «ባትሪ ነው!» ይላሉ። ታዲያ አንድ ቀን ቶሎሳ የሚባል ተማሪ እጁን አወጣና «ጋሼ፣ እውነተኛውን መቼ ነው የምናየው?» አለኝ። በኩርኩም አልኩት። የለኝማ! የለኝም ከማለት መምታት ቀለለኝ፣ ምን ላድርግ።

ታዲያ ዘመኑ ሄደ፣ ጡረታ ወጣሁ፣ ደንዲ፣ የአባቴ መሬት ላይ ገባሁ፣ እና ጎረቤቴ ማን ሆነ? ቶሎሳ! አሁን ኦቦ ቶሎሳ ነው፣ ሸብቷል። መጀመሪያ ተዋደን ነበር፣ ኋላ ወሰኑ ላይ ባሕር ዛፍ ተከለ። «የስንዴዬን ውሃ ጠጣብኝ፣ ንቀል» አልኩት፣ «በገዛ መሬቴ» አለኝ፣ ሽማግሌ ገባ፣ አልሆነም፣ እና ተኮራረፍን። ሦስት ዓመት! መንገድ ላይ «አካም ጅርታ» ብሎ ሰላም መባባል እንኳ ቀረ።

ኋላ ስንዴው ላይ ዋግ ወረደ። ቅጠሉን ስትነኪው ቢጫ ዱቄት እጅሽ ላይ ይቀራል፣ እንዲህ ያለ በሽታ ነው። መድኃኒቱ አለኝ፣ መርጫውም አለኝ፣ በጀርባ የሚታዘል፣ በባትሪ የሚሠራ፣ ግን ባትሪው ሞተ። አሥራ ሁለት ቮልት ነው የሚፈልገው። ጊንጪ ጠየቅሁ፣ የለም፤ አምቦ ልሂድ ብል ዝናቡ ሊመጣ ነው፣ ከዘነበ ደግሞ መርጨት የለም። የዓመት ቀለቤ እኮ ነው! ታዲያ ከሁለት አሮጌ የቻርጅ መብራት ስድስት ስድስት ቮልት ባትሪ ፈታሁ። ስድስትና ስድስት አሥራ ሁለት፣ ስንት ዓመት ያስተማርኩት ነው አልኩና ፕላሱን ከፕላሱ፣ ማይነሱን ከማይነሱ አሰርኩ። አፌ አስተምሮታል፣ እጄ ግን አንድ ቀን አድርጎት አያውቅም! ማብሪያውን ስጫነው እህ... እህ... ያቃስታል እንጂ አይረጭም። ፈታሁ፣ መልሼ እንደዚያው አሰርኩ። እህ...

ቶሎሳ ባሕር ዛፉ ሥር ቆሞ ያያል። እኔ እንዳላየ ሆንኩ። ሦስተኛ ጊዜ ሳስር አልቻለም፣ ወሰኑን ተሻግሮ መጣ።

«ጋሼ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ምን አገባህ?»

«ያገባኛል እንጂ! የእርስዎ ዋግ ነገ እኔ ማሳ ላይ አይደለም እንዴ? እንዲህ ካሰሩት መቶ ቢደረድሩም ስድስት ነው! ብዙ ሰዓት ይቆያል እንጂ ቮልቱ ከፍ አይልም። የዚህን ፕላስ ከዚያኛው ማይነስ! በተከታታይ ነው!»

«ማን አስተማረህ?»

«እርስዎ ነዎታ!»

ባትሪዎቹን ቀማኝና የአንዱን ፕላስ ከሌላው ማይነስ በአንድ ሽቦ አገናኘ፣ የተረፉትን ሁለት ጫፎች ለመርጫው ሰጠ፣ ዝዝዝዝ! መጀመሪያ የረጨው ጫማዬን ነው። እና እየተቀባበልን አዘልን፣ እሱ አንድ ዙር፣ እኔ አንድ ዙር፣ ደመናው ሳይወርድ ጨረስን። ስንዴው ተረፈ።

ታዲያ እጃችንን ስንታጠብ «ቶሎሳ» አልኩት፣ «ያኔ የመታሁህ... ባትሪ ስላልነበረኝ ነው። አፍሬ ነው። ይቅር በለኝ።» እንባዬ መጣ፣ ምን እደብቅሻለሁ።

ቀና ብሎም አላየኝ። «እናውቅ ነበር ጋሼ» አለኝ፣ «ክፍሉ ሁሉ ያውቅ ነበር።»

— ባሕር ዛፉስ አባባ?

እንደቆመ ነዋ! ትናንት እንኳ ስንጨቃጨቅበት ዋልን። ምሳ እነሱ ቤት ነው የበላሁት። (ይስቃሉ።)