ቀብር ያልመጣው ባለዕዳ

ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ነበር። ልብስ ሰፊው ጋሽ ሉልሰገድ ከጊዮርጊስ በታች ካለች አንዲት ካፌ በር ላይ የጎረቤታቸውን ልጅ ትህትናን አገኟት። ባለቤታቸው ወይዘሮ አልጋነሽ ካረፉ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። ትህትና ሕግ ተምራ ጠበቃ ቢሮ ትሠራለች።

«እግዜር ነው ያመጣሽ» አሏት። «ክስ ጻፊልኝ። ሰዓት አዳሹን መድኃኔን ፍርድ ቤት ላቆመው ነው። አልጋነሽ ያበደረችው አሥራ ሁለት ሺህ ብር አለበት።»

«እስቲ መጀመሪያ ይቀመጡ ጋሼ» ብላ ማኪያቶ አዘዘችላቸው። «ማኪያቶው ነው እንጂ ክሱ አይቀዘቅዝም። የብድሩ ወረቀት አለዎት?»

«የምን ወረቀት? ሠላሳ ዓመት ግድግዳ ተጋርተን ስንኖር ከመድኃኔ ፊርማ ልትቀበል? እንዲህ ያለ ነውር በቤታችን የለም!»

«ሕጉ ግን ከአምስት መቶ ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ካልሆነ በምስክር አይረጋገጥም ይላል። ‹አልተበደርኩም› ቢል ምን ይዘው ይቆማሉ?»

«አይልም! መድኃኔ ስንት ጉድ አለበት፣ ውሸት ግን አያውቅም።»

«የማይዋሽ ሰው ከሆነማ ዳኛ ምን ያደርግልናል? ለመሆኑ ጠይቀውታል?»

አልጠየቁትም። ጋሽ ሉልሰገድ ብርጭቋቸውን ገፋ አድርገው «ቀብሯ ላይ አልቆመም» አሉ። «ሰፈሩ ሲፈርስ እኛ እዚሁ ቅርብ ቤት አገኘን፣ እሱ ዳር ከተማ ገባ። ብሩን እኮ የሰጠችው ለዕቃ መጫኛና ለቤት ኪራይ ብላ ነው። ታክሲ ይዞ መምጣት እንዴት ያቅተዋል?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ የገንዘቡ ነገር ይቻል ይሆናል። ቀብር አለመምጣቱን ግን በየትኛው አንቀጽ ልክሰሰው?»

ጋሽ ሉልሰገድ ሳይወዱ ሳቁ። ከለቅሶው ወዲህ ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነበር።

ስንቱ ሰው ዳኛ ሊሰጠው የማይችለውን ነገር ፍለጋ የፍርድ ቤት ደጅ ሲጠና ይከርማል! ለመመላለሻና ለማስጻፊያ ያወጣው ተደምሮ ካበደረው ሲበልጥበት፣ ያኔ ወዳጁንም ገንዘቡንም አጥቷል።

«እንደውልለት» አለች ትህትና። «አልከፍልም ካለ ክሱን እኔው በነጻ እጽፍልዎታለሁ።»

ስልኩን ያነሳው መድኃኔ የሉልሰገድን ድምፅ ወዲያው አወቀ።

«ሉሌ… የቀብሩ ዕለት እስከ ራስ መኮንን ድልድይ መጥቼ ነበር። የአልጋነሽን ብር ሳልመልስ በምን ዓይኔ ድንኳኗ ልግባ? ተመለስኩ።»

«አንተ ደንቆሮ! ብር ይዘህ ና ያለህ ማነው? እኔ እኮ በር በሩን ሳይ ነው የዋልኩት!»

ቅዳሜ መድኃኔ ጋሽ ሉልሰገድ ቤት መጣ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ያላለቀሱትን ለቅሶ አለቀሱ። ትህትና የብድሩን ውል ልትጽፍ ወረቀት ስታወጣ ጋሽ ሉልሰገድ አፍረው «አሁን ይሄ ምን ያደርጋል?» አሉ።

«ይጻፍ!» አለ መድኃኔ። «አልጋነሽ ስንት እንደሆነ እንጂ መቼ እንደምመልስ አልነገረችኝም። በአንዴ ካልሞላልኝ ፊቷን አላይም እያልኩ ሸሸሁ። በየወሩ አንድ ሺህ ብትለኝ ኖሮ በየወሩ አያት ነበር።»

ጋሽ ሉልሰገድ ይህን ሲሰሙ ብዕሩን ራሳቸው አቀበሉት፤ ከዚያው ከኅዳር ጀምሮ በየወሩ አንድ ሺህ ብር ተብሎ ተጻፈ።

በወዳጆች መካከል ውል መጻፍ አለመተማመን አይደለም። አበዳሪው ሳይቀየም ይጠብቃል፤ ተበዳሪው ምን ያህል፣ መቼ እንደሚከፍል ስለሚያውቅ አንገቱን አይደፋም። አንዱ ቢሞት እንኳ የቀረው ሰው በግምት ከመጣላት ይድናል። ውሉ ከፈረሰም ዳኛ የሚያየው ነገር አለ። ጋሽ ሉልሰገድ ያን ምሽት ለብዙ ጊዜ ያጡትን እንቅልፍ ተኙ።

መድኃኔ በውሉ ከተባለው ጊዜ ሁለት ወር አሳልፎ፣ የመጨረሻውን አንድ ሺህ ብር በ2018 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ከፈለ።